ካሜራው እስኪገባ

ጥቅምት 4 ቀን

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከትከሻዬና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ትከሻዬን ካውያው ወሰደው፣ ጆሮዬን የማጠቢያው ማሽን ወሰደው፣ የቀረውን አካሌን ለራሴ ትተውልኛል።

ለምን አንደዋወልም ብለሽ ደግመሽ እንዳትጽፊልኝ። ስልክ እኔ ጆሮ ላይ ሲደርስ ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ነው። ባለፈው አባትሽ «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «አዎ፣ ትናንት ዘነበ» ብዬ መለስኩለት አሉ። ደብዳቤ ይሻለኛል። ደጋግሜ ባነበው አይሰለቸኝም፤ ጮክ በል ብዬም አላስቸግረው።

ያ ግትር ወንድሜ ጉልበቱ እንዴት ሆነ? ስድስት ወር ሙሉ እያነከሰ በር ሲሠራ ዝም ብለሽ ታይዋለሽ? ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው አግኝቼ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ልኬለታለሁ። እኔ ለትከሻዬ የምውጠው ነው፤ ሐኪምም ወረቀትም አይጠይቅም፣ እዚህ እንደ ከረሜላ ከሱቅ ይገዛል። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ጉልበትህ ዘይት እንደጠጣ ማጠፊያ ይሆናል በይው። በር ሠሪ ስለሆነ በዚህ ቋንቋ ካልነገርሽው አይገባውም።

ስለ ሥራሽ ጻፊልኝ። የልብስ እጥበት ሱቁ ባለቤት አሰሪዬ «የወንድምሽ ልጅ ምን ትሠራለች?» ስትለኝ «ሰው መኪና እንዲነዳ ታስተምራለች» ስላት፣ «ታዲያ እስካሁን በሕይወት አለች?» ብላ አሳቀችኝ። በዚህ ሰው አገር እሷም የአገራችን ልጅ ናት፤ ምላሷ ነው እንጂ ልቧ ማር ነው።

በይ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ጉንጭሽን በሁለቱም በኩል ስሜዋለሁ።

አክስትሽ


ኅዳር 9 ቀን

ለተከበሩት አክስቴ፣

ከጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ሰላም ይሁኑልኝ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ የጎደለን እርስዎ ብቻ ነዎት።

ክኒኑ ደርሷል። አባባን ቢያዩአቸው አያውቋቸውም። ከዎርክሾፑ እስከ መንገዱ ድረስ በር ተሸክመው ሲሄዱ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያያል። «እህቴ ጉልበት ላከችልኝ» እያሉ ነው የሚያወሩት። መጀመሪያ ሲያማቸው ይውጡ ነበር፤ አሁን ደግሞ እንዳያማቸው ይውጣሉ። ቁርስ ሳይቀምሱ በውሃ ብቻ ዋጥ አድርገው መጋዛቸውን ያነሳሉ። ትንሽ ከስተዋል። ምግብ ሳቀርብላቸው «ሆዴን ያቃጥለኛል፣ የአንቺ እጅ ነው» ይሉኛል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በምግብ አሠራሬ አኩርፌ ሁለት ቀን ዳቦ በሻይ አበላኋቸው።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኛል። በሕይወት አለሁ። መኪናዋ በእኔ በኩልም ፍሬን ስላላት ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እየተማሩ ነው፤ መታጠፊያ ላይ በደረስን ቁጥር መሪውን ለቀው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አጎቴ ባለሚኒባሱ ግን እስካሁን ሾፌር ብሎ አይጠራኝም። «ባዶ ሜዳ ላይ የሚነዳ ሁሉ ሾፌር ከሆነ እኔ ፓይለት ነኝ» ይላል።

ትከሻዎን ይጠንቀቁልኝ። አሰሪዎን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታውን በልብሽ ያዢልኝ፤ ዛሬ ሰላምታ የመጻፍ አቅም የለኝም።

ትናንት ታናሽ ወንድሜ ባለሚኒባሱ ሱቁ ድረስ ደውሎ ለአሰሪዬ የነገራትን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ወንድምሽ ደም አስታወከ ይላል። ሆስፒታል ተኝቷል ይላል። ጨጓራ ውስጥ ገብቶ የሚያየው ካሜራ እዚያው ሆስፒታል እያለ፣ ሐኪሟ «ነገ» አለች ይላል። ነገ! ቤት ሲቃጠል እሳት አጥፊ «ነገ እመጣለሁ» ይላል?

አውጡትና ከተማ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ውሰዱት ብዬ አስመልሻለሁ። ማምሻውን ደግሞ ሌላ መልእክት መጣ፤ ልጅቱ እምቢ አለች ይላል። ልጅቱ ማለት አንቺ ነሽ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ አንቺ ነሽ እምቢ ያልሽው።

ልጄ፣ አባትሽ ለአንቺ አባት ነው፤ ለእኔ ግን ወንድምም ልጅም ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ነው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ምን ሆኖ እንደሚያገኝሽ አላውቅም። ደህና ከሆነ አቅፈሽ ሳሚልኝ። ደህና ካልሆነ ግን ምን እንደምልሽ አላውቅም፣ እንዳትጠይቂኝ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 15 ቀን

ለተከበሩት አክስቴ፣

አስቀድሜ ልንገርዎ፤ አባባ ደህና ናቸው። አሁን ጎኔ ቁጭ ብለው የሆስፒታሉ በር አይገጥምም እያሉ ነው። እንግዲህ ትንፋሽ ወስደው ቀስ ብለው ያንብቡኝ። አጎቴ አጋማሹን ብቻ እንደነገረዎት ስለማውቅ ሁሉንም ከመነሻው እጽፍልዎታለሁ።

ጠዋት ነበር። ለሥራ ልወጣ ቁልፌን ስፈልግ «ልጄ» የሚል ድምፅ ከዎርክሾፑ ሰማሁ። አባባ እንዲህ አይጠሩኝም፤ «አንቺ» ነው የሚሉኝ። ስገባ መላጊያውን እንደያዙ የእንጨት ፍቅፋቂው ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው እንደ ግድግዳ ነጥቷል። ፊት ለፊታቸው መሬቱ ላይ የቡና አተላ የመሰለ ነገር አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳቸው።

«ቫርኒሽ ደፋሁ» አሉኝ። ይህን ብለው ሳይጨርሱ እንደገና አስታወኩ፤ ያኛው ግን ቀይ ነበር።

በማስተማሪያዋ መኪና አስገባኋቸው። ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚለው ሰሌዳ እንዳለ ነው። አክስቴ፣ ፈጣሪ በዚህ ይስቅ እንደሆነ አላውቅም፣ መንገዱ ሁሉ ተከፈተልኝ። ለማጅ በዚያ ፍጥነት ስትመጣ ያየ ሾፌር ሁሉ ጠርዝ ይዞ ይሸሻል። አባባ በጎን መስታወቱ እያዩ «ለአንቺ ሳይሆን ለነፍሳቸው ነው» አሉኝ። ያኔ ነው ትንሽ ተስፋ ያገኘሁት።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ አልጋ ላይ አስተኟቸውና በሁለቱም ክንዳቸው መርፌ ተከሉ። በአንዱ ግሉኮስ፣ በሌላው ጨጓራ አሲድ እንዳይረጭ የሚያደርግ መድኃኒት። ለደም ዓይነታቸው ናሙና ወሰዱ። ሐኪሟ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ናት፤ ጫማዋ የወንድ ነው፣ ስትናገር አትቸኩልም። ብዙ ጥያቄ ጠየቀችን፣ የምናውቀውን ነገርናት። ሰገራዎ እንዴት ነበር ስትላቸው አባባ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቆይተው «እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው፤ ከጀመረ ሰንብቷል» አሉ። እኔ አንድ ቤት እየኖርኩ ይህን አላውቅም።

ይህን እየተናገሩ እያለ አጎቴ በሩን በርግዶ ገባ። ሚኒባሱን በር ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ወንበሮቹ ላይ ፍራሽ አንጥፎ ነው የመጣው።

«ካሜራው አለ?» አላት ሐኪሟን።

«አለ» አለችው።

«ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሰውዬው እየፈሰሰ ነው እኮ!»

«እየጠበቅን አይደለም ጋሼ፣ እየሠራን ነው» አለችው። «አሁን ግፊታቸው ወርዷል፣ ልባቸው እየሮጠ ነው። በዚህ አቅም ላይ ማደንዘዣ ሰጥቼ ቱቦ ባስገባ ካሜራው ሳይሆን እኔ እጎዳቸዋለሁ። ሆዳቸውም ደም ሞልቶታል፤ ጭቃ ውሃ ውስጥ መርፌ እንደመፈለግ ነው። መጀመሪያ የጎደለውን እሞላለሁ። ሲረጋጉ፣ ነገ ጠዋት፣ ከሁሉም ሰው በፊት እሳቸውን እናያለን። ከዚያ አናሳልፍም።»

«እስከዚያ ቢፈስስ?»

«ደም እየሰጠናቸው ግፊታቸው ካልያዘ፣ ወይም ደግመው ካስታወኩ፣ ነገን አልጠብቅም። አብረውኝ የሚሠሩትን ሰዎች ከያሉበት ጠርቼ ያኔውኑ እገባለሁ። ስልካቸው እጄ ላይ ነው።»

አጎቴ አልተዋጠለትም። ወጥቶ ወደ እርስዎ ሱቅ ደወለ፤ ሲመለስ የእርስዎን ትእዛዝ ይዞ ነው። «እህቴ አውጡት ብላለች፣ በቃ» አለ። ፍራሹን አሳየኝ። ትልቁ ሆስፒታል የግማሽ ቀን መንገድ እንደሆነ እርስዎም ያስታውሱታል።

እዚያ ኮሪደር ላይ ቆሜ ያሰብኩትን ልንገርዎ። እርስዎን እምቢ ብዬ አላውቅም። አባባን ማጣትም አልችልም። ሐኪሟን ብቻዋን ይዤ «የአንቺ አባት ቢሆኑስ?» አልኳት። ሰው ሁሉ እንደሚጠይቃት ያስታውቃል፤ ግን አልሰለቻትም። ትንሽ አስባ «አባቴ ቢሆን ከዚህ አልጋ አላነሳውም» አለችኝ። «መንገድ ላይ ቢደማ ፍራሽ እንጂ ደም የሚሰጠው የለም።»

ተመልሼ አጎቴን «ሞተሩን አጥፋ» አልኩት።

«ቢሞት በአንቺ ነው።»

«በእኔ ይሁን።»

አባባ ተኝተዋል ብለን ነበር፣ ለካ ሰምተዋል። ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ያ ሚኒባስ ውስጥ አልገባም» አሉ። «በሩን አውቀዋለሁ፣ አይዘጋም።» አጎቴ ሊስቅ ፈልጎ አለቀሰ። ከዚያ ሄዶ ደም ሰጠ። ያ ሁሉ ግዙፍ ሰው፣ መርፌውን ሲያይ እንደ ጆንያ ተዘርግቶ ሁለት ነርሶች አነሱት። እኔም ሰጠሁ፤ እኔ ግን አልወደቅሁም፤ ይህን ለሰው ሁሉ ይንገሩልኝ።

አዳራቸው ደህና ነበር። ደሙ ሲገባ ከንፈራቸው መልክ እየያዘ መጣ። ሐኪሟ እየመጣች ግፊታቸውን ታያለች፣ ትነግረኛለች፣ ትሄዳለች። ጠዋት እንዳለችው ከሁሉ በፊት አስገቧቸው። ሲወጡ ፎቶውን በስክሪን አሳየችኝ። ጨጓራቸው መውጫ ላይ ሳንቲም የምታህል ቁስል አለች፤ መሃሏ ላይ የደም ሥር ጫፍ ብቅ ብሏል። እሷን በትንሽ የብረት መቆንጠጫ ይዘው ዘጓት።

አባባ ማደንዘዣው ሲለቃቸው መጀመሪያ የጠየቁት «መቆንጠጫው ምን ዓይነት ነው? ዝገት አይበላውም?» ነው። ሐኪሟ አይበላውም፣ ሥራውን ሲጨርስ በራሱ ወድቆ ይወጣል ስትላቸው «እንዲህ ያለ ማጠፊያ ባገኝ ሀብታም ነበርኩ» አሉ።

አክስቴ፣ እምቢ ስላልኩዎ ይቅር ይበሉኝ። ዳግመኛ ቢመጣብኝ ግን ያንኑ ነው የማደርገው። ስለዚህ ይቅርታዬ ግማሽ ነው፤ ግማሹን ይቀበሉኝ።

ልጅዎ


ጥር 6 ቀን

ለልጄ፣ ለጀግናዬ፣

ታናሽ ወንድሜ «ድኗል» ብሎ ቢደውልም በእጅሽ ተጽፎ እስካየው አላመንኩም። ደብዳቤሽን ሳገኝ ካውያውን አንሶላ ላይ ረስቼ፣ አሰሪዬ የቃጠሎውን ሽታ ተከትላ ነው የደረሰችበት። የሆቴል አንሶላ ነው፤ ቡናማ ካውያ ታትሞበታል። «ወንድሜ እውነትም ድኗል» ስላት «እንኳን ዳነ፤ አንሶላው ግን ሞቷል» አለችኝ።

ይቅርታሽን ግማሽ አድርገሽ ልከሽልኛል፤ እኔም ግማሽ ቁጣዬን ትቼልሻለሁ። የቀረው ግማሽ ቁጣ ሳይሆን ቅናት ነው። እዚያ ኮሪደር ላይ ቆሜ እኔ ራሴ እምቢ ብል በወደድኩ። ሐኪሟንም ያልኳትን ብልም አልሰማችኝም፣ ይመስገን።

ግን አንድ ነገር ሳትጽፊልኝ ዘለልሽ። ሁሉን ነገር፣ የአጎትሽን መውደቅ ሳይቀር ጽፈሽ፣ ያ ቁስል ከምን መጣ የሚለውን አልጻፍሽም። ሐኪሟ አልነገረችሽም? ወንድሜ አይጠጣ፣ አያጨስ። ንዴት ነው? ከሆነ ማን አናደደው?

ደግሞ ሌላ ልጠይቅሽ፤ ስለ እሱ ማወቅ ስለምፈልግ ብቻ ነው። ያ ጥቁሩ ነገር ሲጀምረው ሆዱን ያመው ነበር ወይስ ሳያመው ነው የመጣው? ደረጃ ሲወጣ ልቡ ይመታው፣ ዓይኑ ይጨልምበት ነበር? ብርድ ብርድ ይለው ነበር? እንዲሁ ሳስበው ነው የምጠይቅሽ።

ክኒኑ እንዳያልቅበት በሚቀጥለው መንገደኛ ሌላ እልካለሁ። እኔም ሰሞኑን ጨምሬ ነው የምውጠው፤ ሆቴሎቹ ሥራ አብዝተውብናል። ቤቴ ያለው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በፊት በአንድ ትንፋሽ ነበር የምወጣው፣ አሁን መሃል ላይ ቁጭ ብዬ ሰው ሲያልፍ ጫማዬን የማስር እመስላለሁ። እርጅና ሳታንኳኳ ትገባለች።

ወንድሜን ግንባሩን ሳሚልኝ። ደህና ሁኚ።

አክስትሽ


ጥር 24 ቀን

ለተከበሩት አክስቴ፣

ይህን ስጽፍ እርስዎ ሆስፒታል ነዎት። እንዴት ሆነው እንደሚያነቡት አላውቅም። ግን እንደሚያነቡት አምናለሁ፤ ሌላውን ማሰብ አልፈልግም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሥራ ቦታ ነው። ጡረተኛው መምህር መሪውን ይዘው፣ እኔ ጎናቸው ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ጫማ ማሰር የሚለው ጋ ስደርስ ወደ ጥያቄዎችዎ ተመልሼ ደግሜ አነበብኳቸው። መምህሩ «አስተማሪ፣ ልነሳ?» ይሉኛል፤ እኔ አልሰማም። «ጌታዬ፣ ይውረዱ» አልኳቸው። ጎበዝ ናቸው፣ ለምን ሳይሉ ወረዱ።

መልስ ጽፌ ፖስታ እስኪደርስ ጊዜ አልነበረኝም። ሱቅዎ ደወልኩ። አሰሪዎ ስታነሳ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳልነግራት «አክስቴ ገርጥተዋል?» አልኳት።

«እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ። «ወር ሆናት። እየተኮሰች ትቀመጣለች። ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ስላት ወንድሜ ታሞ እኔ አልታመምም ትለኛለች።»

«አሁን ውሰጃቸው። ዛሬ። ከውስጥ እየደሙ ይሆናል፤ ምክንያቱ የሚውጡት ክኒን ነው። ክኒኑንም ይዘሽ ሂጂ፣ ለሐኪሙ አሳዪው።»

«ጆሮዋ አይሰማ፣ ምን ብዬ ላስረዳት?»

«አታስረጂያቸው። ሱቁን ዝጊና ይዘሻቸው ሂጂ።»

እንግዲህ የዘለልኩትን ልጻፍልዎ። ያን ቀን ሐኪሟ አባባን «ምን መድኃኒት ይውጣሉ?» ስትላቸው «ምንም» አሏት። እኔ ነኝ ክኒኑን ከሸሚዛቸው ኪስ ያወጣሁት። ይህ ማስታገሻ በባዶ ሆድ አዘውትረው ሲውጡት የጨጓራን ሽፋን እንደሚበላ ነገረችን። ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ጀርምም ተገኝቶባቸዋል፤ ሁለቱ ተባብረው ነው። ለጀርሙ መድኃኒት ጀምረዋል፣ ክኒኑን ግን ከለከለቻቸው።

ሐኪሟ እንደወጣች አባባ እጄን ያዙ። «ለእህቴ እንዳትጽፊ» አሉኝ። «በፍቅር የላከችልኝ ነው። ይህን ከሰማች አትተኛም።» እኔም ቃል ገባሁ። እርስዎ ያንኑ ክኒን እንደሚውጡ በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ጽፈውልኝ ነበር፤ አእምሮዬ ግን አላገናኘውም። እርስዎን እንዳናስከፋ ብለን እርስዎን ልናጣ ነበር።

ደብዳቤዎን ለአባባ ሳነብላቸው የያዙትን እርሳስ ሰበሩት። «ጥፋተኛው እኔ ነኝ» አሉ። አጎቴም መጣ። ወደ እርስዎ የሚነዳበት መንገድ ስለሌለ ሚኒባሱን ያጥባል፣ ደረቀ ሲሉት እንደገና ያጥባል። አሰሪዎ ማምሻውን ደውላ ተኝተዋል፣ ደም እየሰጧቸው ነው፣ ካሜራው ነገ ነው አለችን። አጎቴ «ነገ?» ብሎ ተነሳ። ከዚያ እኔን አየኝና ቁጭ አለ።

ፈጣሪ ደጋግሞ ያቁምልኝ። እባክዎን ክኒኑን ይጣሉት።

ልጅዎ


የካቲት 8 ቀን

ለልጄ፣ ለነፍሴ ደራሽ፣

አለሁ። ቤቴ ነኝ። አሰሪዬ አልጋዬን ከመስኮቱ አጠገብ አስጠግታልኝ፣ ሾርባ እያመጣች ታስቸግረኛለች።

ያን ቀን እንዴት እንደወሰደችኝ ልንገርሽ። የሱቁን መብራት አጥፍታ፣ ደንበኛ ቆሞ እያየ፣ ካውያዬን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ምን ሆንሽ?» ስላት አፏ ይንቀሳቀሳል፣ አንድም አይገባኝም። የተባረርኩ መስሎኝ ታክሲ ውስጥ ሁሉ ስለተቃጠለው አንሶላ ይቅርታ እጠይቃት ነበር። ሆስፒታል በር ላይ ስንቆም ነው የገባኝ።

ደምሽ ግማሽ ደርሷል አሉኝ። ጆሮዬ አይሰማም ስለተባለ ወጣቱ ሐኪም ሁሉን በወረቀት ይጽፍልኛል፣ አሰሪዬ ትተረጉመዋለች። መጀመሪያ ደም፣ ነገ ጠዋት ካሜራ። እኔ ደግሞ አመሌ አይለቀኝምና «ለምን አሁን አይሆንም?» አስባልኩት። ልጁ ፈገግ ብሎ ጻፈ፤ እንደ ወንድምሽ አላስታወክሽም፣ የሚደማው ቀስ እያለ ነው፣ ደምሽ ሲሞላ ስትገቢ ይሻላል። አሰሪዬ የወንድሜንም ታሪክ ነግራው ኖሯል።

ልጄ፣ ሩቅ ሆኖ አትጠብቁ ብሎ ማዘዝና ተኝቶ መጠበቅ ለየብቻ ናቸው። ሩቅ ስሆን እያንዳንዱ ሰዓት ሰው የሚሰርቀኝ ይመስለኝ ነበር። አልጋው ላይ ሆኜ ግን ያቺ የደም ከረጢት ጠብ ጠብ ስትል አየሁ፤ እጄ ሞቀ፣ የጥፍሬ መልክ ተመለሰ። ሥራው እየተሠራ መሆኑን በራሴ ገላ ላይ አየሁት። ፈርቼም ነበር፤ አልደብቅሽም። ብቻዬን በሰው አገር ብሞት ማን ያውቀኛል ብዬ አልቅሻለሁ። አሰሪዬ ወንበር ላይ ተኮራምታ ታንኮራፋ ነበር፤ እሷን ሳይ ተረጋጋሁ።

ጠዋት አስገቡኝ። ሁለት ትንንሽ ቁስሎች አሉ፣ ደማቸው ቆሟል፣ መቆንጠጫ አላስፈለጋቸውም። ከንግዲህ ትከሻሽን ሌላ መላ እንፈልግለታለን አሉኝ።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ክኒኑ ያለበት ጋ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። በእጄ ጠቅልዬ፣ በመንገደኛ አደራ ብዬ፣ ለወንድሜ የላክሁት እሱን ነው። አባትሽ አትተኛም ያለው እውነቱን ነው፤ አልተኛሁም። ግን ስሚኝ። አልተኛሁም እንጂ አልሞትኩም። እንቅልፍ ማጣት ይሻላል። ከዛሬ ጀምሮ የሚያስከፋኝን አስቀድመሽ ጻፊልኝ፤ ደስ የሚለኝን ከቦታ ከተረፈ ጨምሪበት። ሐኪማችሁንም ሳላውቃት ስለተናገርኩባት አክስቴ አፈረች በያት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወደ ካሜራው ክፍል ሊያስገቡኝ ሲሉ አሰሪዬ ስልኳን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። «ወንድምሽ ነው» ብላ በእጇ አሳየችኝ። ምንም አልሰማሁም። እንዳይከፋው «እሺ ወንድሜ፣ እሺ» አልኩት፤ «እንዳልክ አደርጋለሁ» አልኩት። ረጅም ጊዜ ነው የያዝነው፤ ነርሷ አልጋውን ይዛ ቆማ ጠበቀችን። ምን ይለኝ እንደነበር ጠይቂውና ጻፊልኝ። ምክር ከሆነ ሳልሰማው እንዳይቀር።

አክስትሽ


የካቲት 27 ቀን

ለተከበሩት አክስቴ፣

እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት። የሚያስከፋዎትን አስቀድሜ እንድጽፍ ነግረውኛል፤ ዛሬ የለኝም። አባባ ጨጓራቸው ድኗል፣ በጉልበታቸው ያነክሳሉ፣ ቁርስ ሳይበሉ ዎርክሾፕ አላስገባቸውም። ጡረተኛው መምህር ፈተናቸውን ወድቀው እንደገና ተመዝግበዋል። ሐኪሟ የእርስዎን መልእክት ስነግራት «እኔ የለመድኩት ነው፤ ትከሻቸውን ግን ያሳርፉ» ብላለች።

ስለ ስልኩ የጠየቁኝን ደግሞ አባባን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ጎናቸው ነበርኩ።

ያን ቀን ማልደው ተነስተው ታጠቡ። ኮታቸውን ለበሱ። ዎርክሾፑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያሉ የሚሉትን ይለማመዱ ነበር፤ በበሩ ስንጥቅ ሰምቻቸዋለሁ። «እህቴ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም» ይላሉ፤ ያቆማሉ፤ «በጀርባሽ ያዘልሽኝን አልረሳሁም» ይላሉ፤ ያቆማሉ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ሲደወል ቁጭ አሉና ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

እርስዎ «ሃሎ፣ ወንድሜ» አሉ። በቃ። አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ አለቀሱ አክስቴ። እኔ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። እንዳይሰሟቸው ደግሞ የስልኩን አፍ በመዳፋቸው ሸፈኑ። አጎቴ በሹክሹክታ «ምን ትሸፍናለህ፣ እሷ አትሰማም እኮ» ቢላቸው መዳፋቸውን አላነሱም። እርስዎ ከዚያ ማዶ «እሺ ወንድሜ፣ እሺ» ይላሉ። እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እርስዎ «እንዳልክ አደርጋለሁ» ይላሉ። እሳቸው ይነቀንቃሉ።

ሲዘጋ ፊታቸውን በመሃረብ ጠርገው፣ «ተግባባን» ብለው ወደ ሥራቸው ገቡ።

እንግዲህ ቃል ገብተዋል አክስቴ፤ እንዳሉዎት ያድርጉ።

ልጅዎ